ሁለተኛው መስመር

የተከበሩ የጋሼ ባለቤት፣ ልጆቻቸው፣ እህት ወንድሞቻቸው፣ ከያለበት የመጣችሁ ተማሪዎቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ በዚህ ፀሐይ መቃብራቸው ዳር ቆማችሁ ስለምትሰሙኝ አመሰግናለሁ። አላረዝምም። ባረዝምም የሚመለስ ነገር የለም።

እኔ የጋሼ ተማሪ ነበርኩ፤ በኋላም በአንድ ቤተ ሙከራ አብሬያቸው የሠራሁ የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ዛሬ የቆምኩት ላወድሳቸው አይደለም። ተልኬ ነው። የላኩኝም እሳቸው ናቸው። መልእክቱን ከማድረሴ በፊት ግን ማን እንደላከኝ ልንገራችሁ።

ከመካከላችሁ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ የረሳ አለ? ነጣ ያለ ሰማያዊ የመዳብ ውሃ በብርጭቆ ይዘው ይገባሉ። አሞኒያ ይጨምሩበታል። ደጋግመው ይጨምሩበታል። ውሃው ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። ከዚያ ዞር ይሉና ማን ነው የተለወጠው ብለው ይጠይቃሉ፤ መዳቡ ነው ወይስ ጎረቤቱ? መዳቡ ያው መዳብ ነው። የተለወጠው ጎረቤቱ ነው። አቶሙን የከበቡት ጎረቤቶቹ ሲገፉት የኤሌክትሮኖቹ የኃይል ደረጃ ይከፋፈላል፤ ቀለሙ የሚመጣው ከዚያ ክፍተት ነው። ሁልጊዜ አንድ ተማሪ አይጠፋም፣ ሰውም እንደዚሁ ነው የሚል። እሳቸውም "ሰውን ተወው፣ እሱ ሌላ ትምህርት ክፍል ነው" ይሉታል።

እሳቸውን የያዛቸው ግን መዳብ አልነበረም። ዩሮፒየም ነበር፤ ላንታናይድ ከሚባሉት ብርቅ ብረቶች አንዱ። የእነዚህ ኤሌክትሮኖች ጓዳ ገብተው የተቀመጡ ናቸው። ጎረቤት ቢያንኳኳም እምብዛም አይሰሙም። ክፍፍላቸው ጥቂት ነው፤ የሚሰጡት ብርሃን በመሣሪያ ሲበተን የሚታዩት የቀለም መስመሮች ተጠጋግተው ይደበላለቃሉ። ለይቶ ለማየት ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። በጣም ማቀዝቀዝ።

ለማቀዝቀዣ የሚሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ እኛ ጋ የለም። ያለው የኮርማ ዘር በብርድ የሚያቆዩበት ከብት ማዳቀያ ጣቢያ ነው። ስለዚህ ጋሼ ኮንቴይነራቸውን አንጠልጥለው ከአዳቃዮቹ ጋር ይሰለፋሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ለቦታው እንግዳ የሆነ ናይትሮጅን ቀጂ የየትኛውን ኮርማ ዘር እንደሚያቆዩበት ጠየቃቸው። ኮርማ የለኝም አሉት። "ታዲያ ምን ሊያዳቅሉ ነው፣ አባቴ?" "አንዲት ጠጠር አለችኝ። እሷን ላበርዳት ነው።" ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ብርዱ የሚለው ስም የወጣላቸው ያን ዕለት ነው። እሳቸውም ወደዱት።

በዚያች ጠጠር፣ በዚያች ክሪስታል ውስጥ፣ ሁለት መስመር አዩ። ከዩሮፒየም መስመሮች መካከል ጎረቤት ሊከፍለው የማይችል አንድ አለ። አቶሙ በክሪስታሉ ውስጥ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ሆኖ ይታያል። ሁለት ዓይነት ከሆነ ሁለት። ጋሼ ሁለት አዩ፤ ሁለት ማረፊያ አለ ብለው ጻፉ። ጽሑፉን የመረመሩት ሰዎች ሁለተኛው መስመር ቆሻሻ ነው፣ ናሙናው አልጠራም አሉ። ያንን ያውጡና እናትመዋለን አሉ። አላወጡም። የፕሮፌሰርነቱ ማዕረግ ቀረ። ከማዕረጉ ጋር የሚሰጠው ሰፊ ቤትም ቀረ። ባለቤታቸው እዚህ አሉ፤ ያን ሁሉ ልጅ በሁለት ክፍል ለምን እንዳሳደጉ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ያቺ መስመርህ አንድ ኩሽና ብትሠራልኝ ምን ነበረበት ይሏቸው ነበር፤ እየሳቁ።

እሳቸው ግን ሁለት ናቸው ይሉ ነበር። ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ናቸው። ስብሰባ ላይ፣ ሁለት ናቸው። አልጋ ይዘውም፣ ሁለት ናቸው። ስንቶቻችን ነን ይህንኑ ተምረን፣ ይህንኑ ያስተማርን?

ዘንድሮ በደንብ የጠራ ዩሮፒየም አገኘን። እሳቸው ሆስፒታል ነበሩና ክሪስታሉን እኔ አሳደግኩት። እንዳስተማሩኝ አጠብኩ፤ አሟሙቼ እንደገና ክሪስታል አወጣሁ፤ አቀዘቀዝኩ፤ ለካሁ። አንድ መስመር መጣ። መሣሪያውን ጠረጠርኩ። የድሮዋን ጠጠር አስገባሁ፤ ሁለት። አዲሱን መለስኩ፤ አንድ።

ምን ይዤ ልሂድ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ውጤቱ አልደረሰም? መብራት ጠፋ? የሆስፒታሉን ደረጃ ስወጣ እንዲህ ልላቸው ነበር። ገና ከበሩ ሲያዩኝ ገባቸው።

"ስንት ናቸው?"

"አንድ ነው፣ ጋሼ።"

በደንብ በርዶ እንደሆነ ጠየቁኝ። በርዷል አልኩ። የድሮዋን በዚያው መሣሪያ አይቻት እንደሆነ ጠየቁኝ። አይቻታለሁ አልኩ። ሌላ የሚጠየቅ አልቀረም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባለቤታቸው ውሃ አቀረቡላቸው፤ አልጠጡም። ሳይዞሩ ተናገሩ።

"ስቀበር ሁሉም ይመጣሉ። እዚያው ንገሪያቸው። ያሳሳትኳቸውን አንድ በአንድ እየፈለግሽ አትዘልቂውም።"

ሌላ ቃል ጠበቅኩ። ምንም አይደለም እንዲሉኝ ጠበቅኩ። አላሉም። እሳቸው ያልሆነውን ሆነ ብለው አያውቁም።

እንግዲህ ስሙ። መስመሩ አንድ ነው። ማረፊያውም አንድ ነው። ሁለተኛው ቆሻሻ ነበር። ሁለት ብላችሁ ያስተማራችሁ፣ ክፍል ስትገቡ አርሙ።

እውነት ያጽናናል ይባላል። እሳቸውን ሲያጽናና አላየሁም። እኔንም አላጽናናኝም። ሌላ ጠጠር አንሥተው እንደገና ለመጀመር ዕድሜ አልቀረላቸውም። እትዬ፣ እርስዎም በዚያ ሁለት ክፍል ቤት የከፈሉት ሁሉ ለምን ነበር ቢሉኝ፣ አላውቅም።

ጋሼ፣ የላኩኝን አድርሻለሁ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም፣ አላሳመርኩም። ደህና ይሁኑ፣ መምህሬ። በዚህ ነገር ሊሞግተኝ የሚችል ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። ምነው አሁን ቀና ብለው፣ ተሳስተሻል፣ ሂጂና እንደገና ለኪው ባሉኝ።