አስራ አንድ ሰከንድ ጨለማ

ማይኩ ይሰማል? ከኋላ ያላችሁትስ? ዛሬ የምንሸኛቸው እትዬ ገና ከመጀመሬ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ያፏጫል ማለት ነው። ራቅ ላድርገው። አሁንስ? ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፤ ተፈቅዶልኛል።

የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ እኔ እዚህ መሥሪያ ቤት የፊልም ኤዲተር ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የኮሪደራችን በር ተከፈተ። ያ በር እንዴት ያላዝን እንደነበር የድሮ ሰዎች ታውቃላችሁ። አንዲት ቀጭን ሴት ገቡ። ሰላም ሳይሉ ተመልሰው ወጡ። እንደገና ገቡ። ወጡ። ስድስት ጊዜ! ጥበቃው ሮጦ መጣና፣ "እመቤት፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" አላቸው። "አልጠፋብኝም፤ አገኘሁ እንጂ" አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የመጀመሪያ ቃላቸው "እንደምን አደርክ" እንዳይመስላችሁ። "ይህን በር ዘይት የሚቀባ ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል!" አዲሷ የድምፅ ባለሙያ እሳቸው ነበሩ። እኔም ለጥበቃው "ይቺ ሴትዮ ሳምንት አትቆይም" አልኩት። ይቅርታ እትዬ፣ ያኔ አላወቅኩዎትም።

ሳምንት አይቆዩም ያልኳቸው ሴት ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት የግድግዳ ጎረቤቴ ሆኑ። እኔ ምስል እቆርጣለሁ፣ እሳቸው ድምፅ ይሠራሉ። ግድግዳውን አንድ ጊዜ ከመቱ "ቀንስ" ነው፤ ሁለት ጊዜ ከሆነ "ና" ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሆነ ግን ኮቴን ይዤ ወደ ቤቴ ነው።

ከውጭ የመጣችሁ እንግዶች ስላላችሁ ላስረዳ። ፊልም ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት ስልሳ ያህል ሰው ጠርተን እንሞክረዋለን። ሁላችንም ስክሪኑ ላይ እናፈጣለን። እትዬ ግን ወንበራቸውን ከፊት ያስቀምጡና ጀርባቸውን ለፊልሙ ሰጥተው ሰዉን ያያሉ። ሰው ሲስል፣ ሰዓቱን ሲያይ፣ ስልኩን ሲከፍት፣ አንዲት የክብሪት እንጨት ከግራ ኪሳቸው ወደ ቀኝ ኪሳቸው ትሻገራለች። አንዴ አንድ ተመልካች መጥቶ፣ "እኚያ ሴትዮ ምን በድያቸው ነው እንደዚያ የሚያፈጡብኝ?" ብሎ ከሷቸዋል። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም፤ ግን አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር "እትዬ፣ እሳት" እያለ ይመጣባቸው ነበር።

ታዲያ ከሰው ፊት ላይ የማያነቡት ነገር የለም። "ሰማያዊ ስታበዛ ሰዉ ኮቱን ይቆልፋል" አሉኝ አንድ ቀን። ገብቼ አየሁ፤ እውነትም ይቆልፋል! "ምስሉን ቶሎ ቶሎ ስትቆርጠው ፈንዲሻውም ቶሎ ቶሎ ይታኘካል፤ ፈንዲሻ የሚያኝክ ሰው ደግሞ አይፈራም።" "ወፍራም ድምፅ ከታች ሳስገባ ሰዉ እግሩን ከወለሉ ያነሳል። የሰማ አይመስለውም፤ እግሩ ግን ሰምቷል።" አራት ዓመት ትምህርት ቤት ተቀምጬ ይህን የነገረኝ የለም።

ለእሳቸው ፊልም ማለት የመጀመሪያው አራት ደቂቃ ነው። ባለቤታቸው ዶክተር እዚህ አሉ፣ ይመስክሩ። የጥርስ ሐኪም ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያዩ ውለው ሲኒማ ገብተው ሊያርፉ ሲሉ፣ በአራተኛው ደቂቃ "ተነስ፣ ሌላው አዳራሽ ሊጀምር ነው" ይባላሉ። አንድ ቀን አንጀታቸው አሮ፣ "ወንድሜ፣ ሠላሳ ዓመት በትዳር ስኖር ገዳዩ ማን እንደሆነ አንድም ቀን አላወቅኩም" አሉኝ። እትዬን ብጠይቃቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "መጀመሪያው ካልያዘው፣ መጨረሻው ለማን ነው?"

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን ግን ወደ መጣሁበት ልግባ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እኔ ብርጭቆዬን አልነካሁትም። ሳልጠጣ ልናገረው ነው።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ወደ ቤቱ ስለሚመለስ አባት ፊልም ሠራን። መክፈቻውን እኔ አቀናበርኩት። ከተማው ከሰማይ ሲታይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወርቅ የመሰለ ብርሃን፣ ከሥሩ ሰባ ሰው የተጫወተው ሙዚቃ። ብቻዬን አይቼው አለቀስኩ። ለሙከራ አቀረብነው። ሲያልቅ እትዬ መጡና ቀኝ ኪሳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጡት። ሠላሳ አንድ ክብሪት። በአራት ደቂቃ!

"ምን አጠፋሁ?" አልኳቸው።

"ምስልህ ይጮኻል፣ ሙዚቃህ ይጮኻል። ሰዉ መቼ ይስማ?"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

"አጥፋው።"

"የቱን?"

"ሁሉንም።"

ሙዚቃዬን አወጡት። ከተማዬን አስወጡኝ። በቦታው አስራ አንድ ሰከንድ ጨለማ፤ ምንም ምስል የለም። በጨለማው ውስጥ የሰው እርምጃ፣ ከዚያ ዝምታ፣ ከዚያ የበር ድምፅ። የትኛው በር? ያ በር! በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ ገብተው ወጥተው የለዩት፣ በማግስቱ ድምፁን ቀድተው ያስቀመጡት፣ አናጺዎቹ ሲቀይሩት ምሳ ሳይበሉ የዋሉለት በር። በሩ ሲከፈት ቀጭን ብርሃን ግድግዳው ላይ ያርፋል፣ አባትየውም ይታያል።

"አስራ አንድ ሰከንድ? ሰው ማሽኑ ተበላሸ ብሎ ይወጣል!" ብዬ ጮህኩ። እትዬ ክፍላቸው ገቡ። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተመታ። ኮቴን አነሳሁ።

እልህ ያዘኝ። ለሁለተኛው ሙከራ ማንም ሳያውቅ ጨለማውን ሰባት ሰከንድ አደረግኩት። እትዬ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ለስክሪኑ ሰጥተዋል፤ ሰዓት እንኳ አላሰሩም። ሲያልቅ ጠሩኝ። "አራት ሰከንድ ሰርቀሃል" አሉኝ። "እንዴት አወቁ?" "ሰዎቹ ገና ትንፋሻቸውን ሳይዙ ብርሃን መጣባቸው።" አራቱን ሰከንድ በማግስቱ መለስኩ። በሦስተኛው ሙከራ፣ ስልሳ ሰው በጨለማ ወደ ፊት ዘንበል ሲል ወንበሩ ሲንቋቋ በጆሮዬ ሰማሁ። የዚያን ቀን ቀኝ ኪሳቸው ውስጥ የነበረችው አንዲት ክብሪት ብቻ ናት፤ እሷም የዶክተር ጉንፋን ነበረች።

አራቱን ሰከንድ መለስኩ አልኩ እንጂ ሌላ የሰረቅኩት ነገር ነበር። ፊልሙ ተሸለመ። ዳኞቹ "በተለይ ያ ጨለማ" አሉና መድረክ ላይ ጠሩኝ። ዳይሬክተሩን አመሰገንኩ፣ እናቴን አመሰገንኩ፣ መኪና ያቆመልኝን ሰውዬ ሳይቀር አመሰገንኩ። ስለ ጨለማው ሲጠይቁኝ "ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የመጣልኝ ነው" አልኩ። እትዬ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ይሰሙኝ ነበር።

በማግስቱ ግድግዳውን ስጠብቅ ዋልኩ። ለአራት ሰከንድ ያልማሩኝ ሴት ለዚህማ ግድግዳውን ያፈርሱታል ብዬ ነበር። አልተመታም። አስር ሰዓት ላይ ሻይ ይዘውልኝ መጡና፣ "ማይኩን በጣም ቀርበኸው ነበር፤ ትንፋሽህ ይሰማ ነበር" አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ደመቅኩበት። ወጣቶቹ "ጋሼ፣ ያንን ጨለማ እንዴት አሰብከው?" እያሉ ሲመጡ፣ በልቤ እያፈርኩ በአፌ አስተማርኩ። እንግዲህ ዶክተር ይስሙ፣ ልጆቻቸውም ስሙ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በሙሉ ስሙ። ያ ጨለማ የእሳቸው ነው። በሩም የእሳቸው ነው። የእኔ ሠላሳ አንዱ ክብሪት ብቻ ነው። እትዬ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

እጅዎን አያወዛውዙ! "ተወው" ማለትዎ ነው፤ አውቃለሁ። አልተወውም። ከእርስዎ በፊት ለራሴ ዓይን ብቻ ነበር የምሠራው። አዳራሹ ውስጥ ደክሞት የመጣ ሰው፣ ልጁን ለጎረቤት ሰጥቶ የመጣ ሰው፣ ምን እንደሚመጣበት ሳያውቅ በጨለማ የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት። ባለሙያ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት። እድሜ ይስጥልኝ።

እና አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ፊልሙ በአዲስ ቅጂ ሊወጣ ነው። ከዳይሬክተሩ ጋር ተነጋግረን "መክፈቻውን የፈጠሩት" ብለን ስምዎን ከነአባትዎ አስገባን። መጀመሪያ ጨለማው ላይ በነጭ ጻፍኩት። ወዲያው ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ "ጨለማዬን ንካና ታያለህ!" ደንግጬ አጠፋሁት። አሁን ስምዎ የሚወጣው በሩ ተከፍቶ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ነው፤ ሰዉ ትንፋሹን ከያዘ በኋላ። አንድም ሰከንድ አልነካሁም።

የፊታችን ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በትልቁ አዳራሽ ይታያል። አንድ ነገር ልለምንዎ። የሰው ፊት ሲያዩ ኖረው የራስዎን ሥራ ከሰው ጋር ተቀምጠው አንድም ቀን አላዩትም። ቅዳሜ ወንበርዎን ያዙሩት። ከዶክተር ጎን ይቀመጡ፣ እስከ መጨረሻው! እሳቸውም አንድ ቀን መጨረሻ ይዩ። ጀርባዬን ለስክሪኑ ሰጥቼ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ክብሪቱን ይስጡኝ።

ኧረ ይስጡኝ! አያችሁ? ለራሳቸው ሽኝት እንኳ በኪሳቸው ይዘው መጥተዋል! ቆይ፣ ቀኝ ኪስዎ ውስጥ ስንት አለ? ስምንት? በእኔ ንግግር ስምንት ሰው ስሏል? ይሁን። ከሠላሳ አንድ ወደ ስምንት መውረድም ለውጥ ነው።

በሉ ተነሱ፤ ብርጭቋችሁን ያዙ። ገና አታጋጩ! እትዬ፣ ጤና ይስጥዎ፤ የሚጀምሩት ሁሉ የሚያጓጓ ይሁንልዎ፤ ከዶክተር ጋር ደግሞ ብዙ ብዙ መጨረሻ ያሳይዎ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ መብራቱን አጥፋልኝ። አስራ አንድ ሰከንድ ብቻ። ዶክተር፣ አደራዎን፣ ይታገሱ።

...

አስራ አንድ። አብራው።

እትዬ፣ አንዲትም ክብሪት አልተሻገረችም። ለጤናዎ!