ትንሹ ይጀምር

— ሄሎ… ሄሎ፣ ምርቃት? … አዎ፣ ወንድምሽ ነኝ። … አላለቀስኩም፤ ድምፄ ነው እንዲህ የሆነው። … ዌስትላንድስ ሰፈር፣ የምሠራበት ሬስቶራንት ጓሮ ቆሜ ነው። ትሰሚኛለሽ? … እህቴ፣ ጉድ ሠርቻለሁ።

— አይ፣ ምንም አልሰበርኩም። ተናግሬ ነው። … እኔ! ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት!

— ቆዪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ኩሽናው ውስጥ እስክሪን ገባ አላልኩሽም? … እሱ፣ ትእዛዝ የሚመጣበት። ከእንግዲህ አስተናጋጅ እየጮኸ አያዝም ተባለ። ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግሞ "ይሄ ነገር ካለ እኔ የለሁም" አሉ። … ሼፋችን ናቸዋ! አሥራ ስምንት ዓመት ያበሰሉ። የሬስቶራንቱ ባለቤት እትዬ ጌጤ ሲጨንቃቸው ሰው አመጡ። … ራጃ ይባላል። የመሥሪያ ቤት አሠራር ሲቀየር ሠራተኛውን እያወያየ የሚያግባባ ነው።

— ወንበሩን ክብ አድርገን ተቀመጥን። ጭልፋ የያዘ ብቻ ይናገራል አለን። … የወጥ ጭልፋ፣ አዎ! ጋሽ ወንዳፍራሽ ሊቀበሉት እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ልማዳችን ነዋ፤ ትልቅ ይናገራል፣ እኛ "እሳቸው እንዳሉት" ብለን እንበተናለን። ራጃ ግን "ትንሹ ይጀምር" አይል መሰለሽ!

— እኔ ነኛ ትንሹ! … አትሳቂ፣ ምርቃት። ጭልፋውን በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

— "እስክሪኑ ለምን አስቸገረ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? "ጋሼ አይታያቸውም" አልኩ። … አዎ፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየዕቃው ላይ የተጻፈውን በሹክሹክታ የማነብላቸው እኔ ነኝ። "እንዳትናገር፣ ከሥራ ያስወጡኛል" ብለውኝ ነበር። … ለአንቺም አልነገርኩም እኮ!

— አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወጡ።

— እትዬ ጌጤማ ከወንበራቸው ተነሡ። ከዚያ ምን አሉ መሰለሽ? "ይህን ሁሉ ጊዜ እኔን ፈርተው ነው?" … እሳቸው፣ እኮ! ሠራተኛ ሲያዩ የማይስቁት ሴትዮ! ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ጋሼን ተከትለው ወደ ማታቱ ታክሲ መሳፈሪያው ሮጡ። … እንጃ፤ ይኸው ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሽማግሌውን እንጀራቸውን አሳጥቻቸው ቢሆንስ?

— ሄሎ? … አለሁ። ቆዪ፣ አስተናጋጁ አቤል የኩሽናው በር ላይ ቆሞ ይጠራኛል። … ምን አልክ አቤል? ሁለቱም? … ምርቃት፣ መጥተዋል! … አላውቅም፣ ቀና ብዬ ማየት አፍራለሁ። … በበሩ ይታዩኛል፤ ጋሼ ሽርጣቸውን እያሰሩ ነው። … ወደ እኔ አላዩም።

— እስክሪኑ ጮኸ። … ቆዪ እስኪ… ምርቃት፣ እየጠሩኝ ነው! ጮክ ብለው፣ አስተናጋጁም እትዬ ጌጤም እየሰሙ! "ምን ይላል፣ ልጄ?" እያሉኝ ነው።

— አቤት ጋሼ! ሁለት ክትፎ ይላል! አንዱ ለብለብ!

— … አዎ፣ እኔ ነኝ የጮኽኩት። ልዝጋው፣ ሌላም እየገባ ነው።