በልቻለሁ ባዩ ልብስ ሰፊ

ከሥላሴ የአንድ ባልደረባዬን ቀብር ደርሼ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስመለስ፣ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አንድ ሰው የእግረኛውን መንገድ ዘግቶ ቆሞ አየሁ። መንገደኛው በትከሻው ይገፋዋል፣ የታክሲው ረዳት «ፋዘር፣ ይግቡ ወይ ይልቀቁን!» ይለዋል፤ እሱ ግን አንድ ጥቅል በብብቱ ይዞ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ያያል። ቀረብ ብዬ ሳየው ልብስ ሰፊው እምሩ ነው፤ የሠርጌን ሙሉ ልብስ የሰፋልኝ፣ ቀልድ የማያልቅበት የአራዳው እምሩ።

«ወዴት ነው እምሩ?» አልኩት።

«እኔስ እንጃ ሰመረ። ከሱቅ ስወጣ አውቀው ነበር፤ እዚህ ስደርስ ጠፋኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ኮቱ ሌላ ሰው ያዋሰው ይመስል ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እንኳን አገኘሁህ» አለ ክንዴን ይዞ። «ሚስቴ የሺ ጥላኝ ወንድሟ ቤት ገብታለች። ሌላ ሴት ይዘሃል አለችኝ። ሽማግሌ ሆነህ ሂድልኝ።»

«ይዘሃል?»

«ኧረ በሥላሴ!»

«ታዲያ ነገሩን ከየት አመጣችው?»

«ማታ ስገባ በልቻለሁ እላታለሁ። አልጋ ላይ ስገላበጥ አድራለሁ። ስታናግረኝ እጮኻለሁ። የምታበላህን ካገኘህ እኔ ምን አደርግልሃለሁ ብላ ልብሷን ሰብስባ ወጣች።»

«የት ነው የምትበላው ታዲያ?»

ጥቅሉን ወደ ሌላው ብብቱ አዛወረ። እኔም ግራ ገባኝ። ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ ሰው ሁሉ አዋቂ አድርጎ ሽምግልና ይልከኛል፤ ግን ውሽማ የለች፣ ስካር የለ፣ የንብረት ክርክር የለ፣ ምን ብዬ ነው የሰው ደጅ የምጠናው? አንድ የሚያስታርቁት ጥፋት እንኳ አጣሁ።

እንዲህ ተፋጥጠን ሳለን ረይሀና መጣች። የባለሱቁ የወዳጃችን የኡመር ልጅ ናት፤ በአንድ ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ሆና ትሠራለች።

«ጋሽ ሰመረ፣ ጋሽ እምሩ፣ ደህና ዋላችሁ?» ብላ እጅ ነሣችና እምሩን አየችው። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው እንዲህ የከሱት?»

«እርጅና ነው ልጄ።»

«እርጅና እንዲህ በአንድ ጊዜ አይመጣም። ኑ፣ አረፍ እንበል።»

ከድልድዩ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ካፌ ገባን። እምሩ ገና ሳይቀመጥ «ሦስት ማኪያቶ!» አለ።

«ለዛሬ ስንተኛዎ ነው ጋሼ?»

«ማኪያቶ ይቆጠራል እንዴ?»

«ምሳስ?»

«በልቻለሁ።»

«ምን በሉ?»

«በልቻለሁ አልኩሽ እኮ!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታው አስተናጋጇ ሳትቀር ደነገጠች።

እኛ ዘንድ «በልቻለሁ» ማለት መብላት አይደለም፣ ጨዋነት ነው። እንግዳ ይለዋል፣ አማች ይለዋል፣ ሆዱ እየጮኸ። ጋባዡም ይህን ስለሚያውቅ ነው «በሞቴ» ብሎ የሚያጎርሰው። እምሩ ግን ይህችን ጨዋነት መሸሸጊያ አደረጋት። ቤት ሲገባ ውጭ በላሁ ይላል፣ ውጭ ሲጋብዙት ቤት በላሁ ይላል። ሁሉም አመኑት፤ እኔንም ጨምሮ።

ረይሀና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደ ልጅዎ ነኝ ጋሼ። እውነቱን ይንገሩኝ፣ የት ነው የሚበሉት?» አለችው።

«የትም» አለ በመጨረሻ። «የድሮው ሱቃችን ሳይፈርስ ምሳ ሲደርስ አባትሽ፣ ሰዓት ሠሪው ዘርኡና እኔ አንድ ትሪ እንከብ ነበር። አባትሽ ከእኛ ሥጋ ስለማይበላ ሁልጊዜ ሽሮና ምስር ነበር፤ እንዴት ይጣፍጥ እንደነበረ! አሁን ቸርችል ጎዳና አንድ ሕንጻ ላይ ለስፌቱ ጠባብ ክፍል ይዣለሁ። ጎረቤቴን አላውቀውም። ሽማግሌ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ ብቻውን ሲያኝክ ምን ይመስላል? ማኪያቶዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ፤ ልብህ ደህና ነው አለኝ። ይሄ ደግሞ ባሰ! ደህና ከሆነ ምንድን ነው የሚያስፈራኝ?»

«ጭንቀት ነው ጋሼ።»

«ወንድ ልጅ ይቆጣል እንጂ አይጨነቅም።»

«ወንድ ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ ለሰው የሚታየው ቁጣው ነው። አሁን ጠረጴዛውን የመታው ማን ይመስልዎታል?»

«እና ሽሮ ብበላ ይለቀኛል? ሱቄን ሽሮ ይመልስልኛል?»

እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ ከእምሩ ጋር ነበርኩ። «ልክ ነው፤ የፈረሰ ሱቅ በወጥ አይጠገንም» አልኩ።

«አይጠገንም» አለች ረይሀና ሳትቆጣ። «ምግብ ብቻውን ጭንቀትን ያድናል ብዬ ብነግራችሁ ዋሾ ነኝ። ግን በባዶ ሆድ ማኪያቶ ሲደራረብ ልብ ይደልቃል። እርስዎ ልሞት ነው ብለው ይፈራሉ፤ ስለፈሩ አይተኙም፤ ስላልተኙ ጠዋት ደግሞ ማኪያቶ ያምርዎታል። ሐዘንዎን ዛሬ መንቀል አልችልም፤ ይህን አዙሪት ግን የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ እንችላለን።»

«ጠበል ጀምሬያለሁ።»

«እሰየው! አይተዉት። ሲመለሱ ግን ቁርስ ይብሉ።»

እምሩ ፈገግ ሊል ከጅሎ ተወው። ጥቅሉን ከጉልበቱ አንሥቶ ፈታው። አዲስ ኮት ነው፤ ጨርቁ ጥሩ፣ ስፌቱ ጥሩ፤ እጅጌዎቹ ግን ሁለቱም የቀኝ ናቸው።

«ደንበኛው ሲለብሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ አስመሰልኩ። ልፈታው ይሁን ልሽጠው ሳላውቅ ይዤው ወጣሁ። እኔ እኮ ዓይኔን ጨፍኜ እጅጌ የምገጥም ሰው ነበርኩ» አለና ድምፁ ተሰበረ። «አብጄ ነው አይደል? ንገሪኝ፣ አትሸሽጊኝ።»

ለካ ሲሸሽገው የኖረው ይህን ነው! ወዳጄ አብዳለሁ ብሎ ሲፈራ ከርሞ፣ ሚስቱ ውሽማ አለው ብትል እንኳ ከዚህ ይሻላል ብሎ ዝም ማለቱ ሲገባኝ ወንበሬን ወደ እሱ አስጠጋሁ።

«አላበዱም» አለችው። «ርቦዎታል፣ እንቅልፍ አጥተዋል፣ ፈርተዋል። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡኝ። መኖር ያስጠላዎታል?»

ኮቱን መልሶ ጠቀለለው። «እንደዚያስ አልደረስኩም።»

«ከደረሰ ለእኔ ወይም ለጋሽ ሰመረ የዚያኑ ዕለት ይነግሩናል?»

«እነግራችኋለሁ።»

ፉል በዳቦ አዘዘች። ሳህኑ ሲመጣ እምሩ እንደ ልማዱ «በል...» ብሎ ጀመረና ቃሉን ዋጠው። ሦስታችን ከአንድ ሳህን በላን፤ የመጨረሻውን ቁራሽ ያነሣው እሱ ነው።

በማግሥቱ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብል ውሸት ይሆናል። ረይሀና ጤና ጣቢያዋ ድረስ አስመጥታ እየተከታተለችው፣ ቁርስ ከቡና በፊት፣ ማኪያቶ ጠዋት አንድ ብቻ፣ መኝታ በሰዓቱ ብላ አዘዘችው። በመጀመሪያው ሳምንት «ራሴን ፈለጠኝ፤ ይህቺ ልጅ ልትገድለኝ ነው» እያለ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። ኡመር፣ ዘርኡና እኔ ምሳችንን እየቋጠርን ያቺን ጠባብ ክፍል ማጣበብ ጀመርን። ምስር፣ ጎመን፣ ጾም ባልሆነ ቀን እንቁላል። ከዚያ ቸርችልን ሽቅብ በእግራችን፣ እየተነታረክን። እንቅልፉ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ እጁም ረጋ። የዚያን ኮት አንዱን እጅጌ ፈትቶ አዲስ የግራ እጅጌ ሲገጥምለት እያፏጨ ነበር።

አንባቢዬ ወንድ ከሆንክ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልህ። ሰውነትህ ሲራብ ሐሳብህም ይራባል። በጊዜ የበላ፣ በእግሩ የሄደ፣ የተኛ፣ ከሰው ጋር የዋለ ሰው መከራ አይቀርለትም፤ መከራውን የሚሸከምበት ጉልበት ግን ያገኛል። ይህ ሁሉ ሆኖ ካልለቀቀህ ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ ለጥርስህ ትሄድ የለ? በሚስትህ ላይ መጮህ መድኃኒት ሆኖ አያውቅም።

የሺ ሽማግሌ አልቀበልም ስትል ቆይታ በመጨረሻ እሺ አለች። ኡመርና እኔ እምሩን ይዘን ወንድሟ ቤት ሄድን። እኔ ያዘጋጀሁትን ረጅም ንግግር ልጀምር ጉሮሮዬን ስጠርግ እምሩ አቋረጠኝ።

«የሺ፣ ሴት የለችኝም። የትም አልበላሁም። ያበድኩ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። ወንድ ልጅ ፈራሁ ይላል እንዴ ብዬ ዝም አልኩሽ፤ ጮህኩብሽም። በድዬሻለሁ።»

የሺ አንዴ እሱን አንዴ እኛን አየች። መቆጣትም ማዘንም ያቃታት ይመስል ነበር።

«ሴት ብትኖር እሷን እረግም ነበር» አለች። «አሁን ማንን ልርገም?» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ስንት ማታ የአንተን ድርሻ አንሥቼ ጠዋት ለሰው ስሰጥ፣ አንተ አጠገቤ ተርበህ ትተኛ ነበር?»

እምሩ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ኡመርም ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

የሺ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣችና አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«ከዛሬ ወዲያ» አለችው፣ «ሌሊት ስትፈራ ቀስቅሰኝ።»