በግራ ጎኑ የሰፋው ጃኬት

የምወዳት ልጅ አባት «ልጄን ለአስተማሪ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቼን ስለመለሱብኝ፣ ትልቅ ሰው ልምሰል ብዬ ባሕር ዳር ላይ የቆዳ ጃኬት በልኬ አዘዝሁ። ልብስ ሰፊው አዛውንት ደረቴን ለክተው ሲያበቁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጓድ፣ እንደ ካድሬዎቹ በግራ በኩል ለሽጉጡ ላስፋልዎት?» አሉኝ። ሽጉጥ የለኝም፤ ግን ትክክለኛው ልክ ይኸ ከሆነ ብዬ «ያስፉት» አልሁ።

ጃኬቱ ሲደርስ ደስታው እግሬን መሬት አላስረግጥ አለኝ። የሰፋው ጎን እንዳይረግብ ለአባቷ የገዛሁትን ግማሽ ጠርሙስ አረቄ ከተትሁበትና እነሱ ወደሚኖሩበት ዱርቤቴ ወረድሁ። ሰውየው ጎኔን ሲያዩ ከመደባቸው ተነሡ። እኔም፣ «አባባ፣ ለእርስዎ የሚሆን ነገር ይዣለሁ» ብዬ እጄን ወደ ጃኬቴ ሰደድሁ።

«ኧረ ጓድ፣ እዚያው ይቀመጥ! ልጅቷን ሰጥቻለሁ።»

አረቄ የማይቀምሱ ሰው መሆናቸውን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።