የበርበሬ ደወል

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ የበርበሬ ነጋዴና አንድ ቄስ ተቀምጠው ያወራሉ።

«አሮጌውን ፎቄን ላሳድስ ብል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ‹እሳት ሲነሳ በራሱ ውሃ የሚረጭ ቧንቧ ኮርኒሱ ላይ ካልዘረጋህ አንፈቅድም› አለኝ፣ አባ።»

«ታዲያ ዘረጋህ?»

«ዘረጋሁ። አይተው ፈረሙልኝ። እነሱ ሲወጡ ውሃውን ዘጋሁት።»

«ምነው ልጄ?»

«ምድር ቤቱ ሙሉ በርበሬ ነዋ! ከረጠበ ይሻግትብኛል።»

«ቢቃጠልስ?»

«ቢቃጠልማ ቡሬ በሙሉ ያስነጥሳል። ከዚህ የበለጠ የእሳት ደወል ከየት ይመጣል?»

ቄሱ ሳቁ።

«ፎቁ ላይስ ሰው የለም?»

«ተከራዮች አሉ እንጂ። እንዲያውም እነሱ ቀድመው ያስነጥሳሉ።»

አከራዬ ዞሮ ከኋላው መቀመጤን አላየም፤ እኔ ግን ዛሬ ጠዋት ከፎቁ ስወርድ ሦስት ጊዜ ማስነጠሴ ትዝ አለኝ።