የሐጂ ይማም ሞተር ድምፁን ያሳነሰበት ቀን

ሐርቡ ውስጥ የሐጂ ይማም የወፍጮ ሞተር በተነሳ ቁጥር የሰፈሩ መብራት ሁሉ ድርግም ይላል። ጎረቤታቸው እትዬ ዘነበች ቴሌቪዥናቸው ከተቃጠለ ወዲህ ባጥር ላይ ሐጂን ሲረግሙ ነው የሚውሉት። «ቀበሌ እከስዎታለሁ!» ሲሉ ጊዜ ሐጂ እኔን ኤሌክትሪሻኑን ከኮምቦልቻ አስጠሩኝ። መብራቱ ድርግም እንዳይል ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ ሶፍት ስታርተር የሚባል ዕቃ ገጠምኩላቸው።

ማብሪያውን ስጫን ሞተሩ እንደ ሙሽራ እየተሽኮረመመ ተነሳ። ሐጂ ጆሯቸውን አስጠግተው «ወላሂ ገደልከው! ያ ወንድ ሞተር እንዲህ ያቃስት? ንቀልልኝ!» አሉ። ባስረዳቸው፣ ብምልላቸው አልሰማ አሉኝ። ሞተሩን አጥፍቼ መፍቻዬን ሳነሳ እትዬ ዘነበች እያለከለኩ ገቡ።

«ሐጂ! ደህና ነዎት? ዛሬ መብራቱ ድርግም ሳይል ቢቀርብኝ ምን አገኛቸው ብዬ ልቤ ሊወጣ!»

ሐጂ አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸውና ወደ እኔ ዞሩ። «ተወው፣ አትንቀለው። ይቺ ሴትዮ ለእኔ ካሰበችማ ዕቃው ይሠራል።»

እትዬ ዘነበችም አፍረው ኖሮ «ሰው እንዲህ ታስደነግጣለህ? ልብ የለህም አንተ?» ብለው ለሐጂ ያዘጋጁትን እርግማን በሙሉ እኔ ላይ አወረዱት።