ዝናብ ያስገባን ድንኳን

ባለፈው ክረምት ነው። የጓደኛችን የሳምሶን ልደት ስለነበር ከእሱ ጋር ሦስት ሆነን ልናመሽ ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ስንወርድ፣ ሳናስበው በረዶ ወረደብን። በረዶ ስላችሁ አናት የሚፈነክት! መብራትም ወዲያው ጠፋ። መንገድ ዳር ድንኳን አየንና እየሳቅን፣ እየተገፈታተርን ዘው አልን። ለካ ለቅሶ ቤት ነው! በሻማ ብርሃን አራት አምስት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሳቃችን አፋችን ላይ ደረቀ። አንገታችንን ደፍተን ጥግ ይዘን ከመቀመጣችን ነፋሱ ድንኳኑን ሊነቅለው ሆነ። ሦስታችንም ዘለን ምሰሶዎቹን ያዝንና በረዶው እስኪያባራ አልለቀቅንም።

ልጃቸው የሞተባቸው አባት ተነስተው መጡ። «ተባረኩ ልጆቼ። ከልጄ ጋር የት ነው የምትተዋወቁት?» አሉን። እኔ «አብረን ሠርተናል» ልል አፌን ስከፍት ሳምሶን ቀደመኝ። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልን፤ አናውቀውም። ዝናብ ሸሽተን ነው የገባነው።» ሰውየው ባዶዎቹን ወንበሮች አየት አደረጉ። «የሚያውቁትማ ዝናቡን ፈርተው ቀሩ» አሉና ነፍሮውን ወደኛ አስጠጉት። እዚያው አመሸን። ልደት እንደነበረን ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።